የዲምቱ ልጅ ሊቅ ሆነ፤ ዲምቱስ?

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ብላቴ ልጅ ነው፤ የእርሱም ጥም ከዚያኛው አይተናነስም።

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በምሥራቅ በኩል ወደ ሀዋሳ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ዲምቱን ያገኛታል። የዱጉና ፋንጎ ወረዳ ከተማ ናት። ከተማ ስላችሁ ፒያሳና መርካቶ አይታያችሁ፤ ገበሬው በቆሎውንና ስኳር ድንቹን ይዞ የሚመጣባት የቆላ ገበያ ናት። በእሑድ ጠዋት ያለፈባት ሰው ደግሞ ከየጸሎት ቤቱ የሚወጣውን መዝሙር ይሰማል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከወላይታ ዞን ነዋሪ ከመቶ 71 የሚሆነው ፕሮቴስታንት ነኝ ብሎ ተመዝግቧል። እንግዲህ ስለ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለመነጋገር ከወላይታ የተሻለ ቦታ የለም።

እስቲ አንድ የዲምቱ ልጅ በሐሳባችን እንፍጠር። ስም አንሰጠውም። ስም ብንሰጠው «ይህማ እኔን ነው» የሚል ብዙ ሰው ይነሣብናል።

ልጁ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ዎሳ ኬታ ገባ፤ በወላይትኛ የጸሎት ቤት ማለት ነው። የሰማው መዝሙር በወላይትኛ፣ እናቱ በልቅሶ ቤት የጸለየችው ጸሎት በወላይትኛ ነበር። እግዚአብሔርን የሚያውቀው ጦሳ ብሎ ነው። አደገ፤ ፊደል ቆጠረ፤ ጉብዝናው ታየና ሽማግሌዎቹ ከመባው ላይ ቆንጥረው ወደ ሶዶ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ላኩት። እዚያ ትምህርቱ በአማርኛ ሆነ። ከዚያ አዲስ አበባ ኮሌጅ ገባ፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ። ከዚያ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ባሕር ተሻገረ፤ ግሪክኛና ዕብራይስጥ ጨመረ፤ የዶክትሬት ጽሑፉን የሚመረምሩት ፕሮፌሰሮች ደስ እንዲላቸው ጀርመንኛም ሞካከረ። ሁሉም «ጨመረ» ይላል። ቀነሰ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። እኔ ግን ቀነሰ እላለሁ። በእያንዳንዱ እርከን ላይ አንድ ቋንቋ ሲያነሣ፣ በቋንቋው ውስጥ የነበሩትን ሰዎች አስቀምጦ ነው የሄደው።

ኋላም እጅ ተጭኖበት በአገልግሎት ተሾመ። ቄስ ሆነ፣ ዶክተር ሆነ፣ ፕሮፌሰር ሆነ። የምረቃው ፎቶግራፍ ዲምቱ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ቆቡንና ካባውን አይተው አለቀሱ፤ የደስታ ልቅሶ ነው። ፎቶግራፉም በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ ከሊቁ ዲምቱ የደረሳት እርሱ ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ክስ አጭር ነው። የሥነ መለኮት ሊቆቻችን የሙያ መሰላል እግሩ ዲምቱ ላይ ተተክሎ ወደ ላይ ብቻ የሚያስወጣ፣ ወደ ታች የማያስወርድ ሆኗል። ክሱ በወጣው ሰው ላይ ብቻ አይደለም። መሰላሉን በሠሩት፣ በደገፉትና ቆመው ባጨበጨቡት ላይ ጭምር ነው። እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ።

ያልተማሩት ምን ሠሩ?

ለመሆኑ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ማን ሠራት? ዶክተር ቶማስ ላምቢና ጓደኞቻቸው፣ የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሰዎች፣ በ1920 ዓ.ም. ገደማ ወደ ደቡብ ወርደው ሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ጣቢያቸውን ተከሉ። በ1926 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወላይታዎች ሲጠመቁ አሥር ነበሩ። ፋሽስት ኢጣልያ አገሪቱን ከወረረ በኋላ፣ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ለቀው ሲወጡ የተጠመቀው ሰው 48 ብቻ ነበር። ትተውት የሄዱት ይህንን ነው። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ግን፣ ራሳቸው እንደ ጻፉት፣ ወደ 10 ሺህ የሚደርስ አማኝ ነው።

በእነዚያ ዓመታት አንድም ፕሮፌሰር አልነበረም። ዲግሪ የያዘ የለም፤ ሴሚናሪ የለም፤ ነጻ የትምህርት ዕድል የለም። ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉ ሰዎች ነበሩ። ዋንዳሮ ታስረዋል፣ በአደባባይ ተገርፈዋል፤ ከእስር ሲወጡም የጀመሩትን አልተዉም። ከዚያ በኋላ ደግሞ የወላይታ ወንጌላውያን ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ኣሪ፣ ወደ ማሌ ወረዱ። የሰው ቋንቋ ለመዱ፤ በወባ ሞቱ፤ ልጅ ቀበሩ። ስንቃቸውን የላከላቸው የገዛ አገራቸው ገበሬ ነው።

ይህን ሲሰማ ፊቱ የሚበራ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። «አየህ! እንግዲያው ትምህርት ምን ይሠራል? መንፈስ ይበቃናል!» ሊለኝ ነው። ይቆየኝ። የእኔ ክስ ለእርሱ ማገዶ እንዲሆን አልፈልግም።

እነዚያ ሰዎች ያልተማሩ ነበሩ እንጂ ያላሰቡ አልነበሩም። ሁለት ሚስት ያለው ሰው ሲያምን ምን ይሁን? ለአያት መንፈስ የታረደ ከብት ሥጋ ይበላል ወይስ አይበላም? በልቅሶ ላይ ምን ይደረግ፣ ምን ይቅር? የባሪያ ዘር ነው የተባለ ሰው ከጨዋ ልጅ ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጣል ወይ? እግዚአብሔርን በአዲስ ስም እንጥራው ወይስ አባቶቻችን ያውቁት በነበረው ጦሳ በሚለው ስም? ይህ ሁሉ በየትኛውም ሴሚናሪ ቢጠየቅ ለዶክትሬት የሚያበቃ ጥያቄ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው መለሱት። አንዳንዱን ደህና አድርገው መለሱት፤ አንዳንዱን ተሳሳቱ። ሚሲዮናውያኑ ከመድረሳቸው ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ደግሞ ከጋሞ በኩል ኢሳ የሚባል ሰባኪ ተነሥቶ ጣዖቱን ተዉ፣ ለጦሳ ብቻ ጸልዩ ሲል ብዙ ሰው ተከትሎት ነበር። ያ ሰው ለኋለኛው እምነት መንገድ ጠራጊ ነበር ወይስ አልነበረም? ይህም ጥያቄ ነው፤ ለዲምቱ ልጅ የተተወ ጥያቄ።

ታዲያ ይህን ታሪክ ማን ጻፈው? ሬይመንድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1966 ጻፉ። ፒተር ኮተሬል በ1973 ጻፉ። ፖል ባሊስኪ ስለ ወላይታ ወንጌላውያን ሰፊ ጥናታቸውን በ2009 በመጽሐፍ አወጡ። ሦስቱም ሚሲዮናውያን ናቸው፤ ሦስቱም የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ባይጽፉ ኖሮ ብዙው ነገር ከሽማግሌዎቹ ጋር መቃብር ይወርድ ነበርና ምስጋና እንጂ ወቀሳ የለኝም። ወቀሳዬ ለእኛ ነው። የገዛ አያቱ ሥራ ምንጭ ሆኖ ሳለ፣ የዲምቱ ልጅ ስለ አያቱ ለመጻፍ የአያቱን ታሪክ ከባዕድ መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ እየጠቀሰ ነው። በእጅ ያለ ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

የወረዱም አሉ

«መሰላሉ አያስወርድም» ስል ማንም አልወረደም ማለቴ አይደለም። ሁለት ሰዎች ልጥራ፤ ሁለቱም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ቄሶች ናቸው፤ ሁለቱም ባሕር ተሻግረው ተምረዋል።

የመጀመሪያው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። በሚኔሶታ፣ በሉተር ሴሚናሪ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1966 ተመለሱ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ሆነው ሲሠሩ፣ በ1972 ከዚያችው ቤተ ክርስቲያን አንድ ደብዳቤ ወደ ውጭ ረጂዎች ወጣ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ እናንተ ነፍስንና ሥጋን ለያይታችሁ ለትምህርት ቤትና ለጉድጓድ ውኃ ገንዘብ ትሰጣላችሁ፤ ለስብከት ስንጠይቃችሁ ትከለክላላችሁ፤ ለእኛ ግን ሰው አንድ ነው። ይህ ደብዳቤ በዓለም የሉተራውያን ጉባኤ ውስጥ ትልቅ ክርክር አስነሣ። ልብ በሉ፤ የዶክትሬት ጽሑፍ አይደለም፤ ደብዳቤ ነው። ነገር ግን የጻፉት ሰዎች በአንድ እጃቸው የወለጋን ገበሬ፣ በሌላ እጃቸው የአውሮፓን የሥነ መለኮት መጻሕፍት ይዘው ስለ ነበር ሁለቱም ወገን ሰማቸው። ደርግ መጣ። ወደ ታንዛኒያ እንዲወጡ መንገድ ተከፍቶላቸው ነበር፤ መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉ። አጽማቸው ተገኝቶ በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ቄስ ዶክተር እሸቱ አባተ ናቸው። እኒህ ሰው በአሜሪካ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ በኮንኮርዲያ ሴሚናሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ዶክትሬታቸውን ሲያገኙ ያጠኑት ምን መሰላችሁ? «ሐዋርያዊ ትውፊት» የተባለውን ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ በተለይም የግዕዙን ቅጂ። የዚህ መጽሐፍ የግሪክኛ ምንጭ አብዛኛው ጠፍቷል፤ የተረፈው በላቲን፣ በቅብጥ፣ በዐረብኛና በግዕዝ ትርጉም ነው። ግዕዙ በሲኖዶሳችን ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትቀድስበት የሐዋርያት ቅዳሴም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። አንድ የወንጌላውያን ቄስ ሚዙሪ ድረስ ሄዶ የኦርቶዶክሱን ግዕዝ አነበበ! ከዚያም ተመልሰው አዲስ አበባ በመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው፣ 70 አፍሪካውያን ሊቃውንት የተሳተፉበት የአፍሪካ የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያም ሲዘጋጅ የፊልጵስዩስን መልእክት ያብራሩት እርሳቸው ናቸው።

እንዲህ ያለ ሊቅ ባለበት አገር አቤቱታ ማሰማት ውለታ ቢስነት አይመስልም ወይ? ይመስላል። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ያ የዶክትሬት ጽሑፍ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ማብራሪያውም መጀመሪያ የወጣው በእንግሊዝኛ ነው። ይህ የሰውየው ጥፋት አይደለም፤ የመሰላሉ ሕግ ነው። በእንግሊዝኛ ካልተጻፈ አይመረመርም፤ ካልተመረመረ ዲግሪ የለም፤ ዲግሪ ከሌለ ወንበር የለም። ስለ ግዕዙ መጽሐፍ የተጻፈውን ጥናት የጎንደር ደብተራ ሊያነበው አይችልም፤ የዲምቱ ወንጌላዊም ሊያነበው አይችልም። ሁለቱ የአንድ አገር ሰዎች እርስ በርስ ሲነቃቀፉ ይኖራሉ፤ የጋራ አያታቸው ሰነድ ግን በሦስተኛ ሰው ቋንቋ ተጽፎ በሦስተኛ ሰው አገር መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ከወረዱት ሁሉ ምርጥ የሆነው ሰው እንኳ ግማሽ መንገድ ብቻ እንዲወርድ የሚፈቅድ መሰላል ምን ይባላል?

ሰበብ አንድ፣ ሰበብ ሁለት፣ ሰበብ ሦስት

ሊቃውንቱን ስታነጋግሯቸው ሰበብ አያጡም። ሰበቦቹ ደግሞ ባዶ አይደሉም፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ልመልስ።

አንደኛው ሰበብ ወላይትኛ ለሥነ መለኮት አይበቃም የሚለው ነው። «ጽንሰ ሐሳቡን የሚሸከም ቃል የለም» ይላሉ። ይህን አባባል ስንት ጊዜ ሰማነው! ስለ ኦሮምኛ የሚያስብ ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው፣ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ መልሰው እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተሙ። ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት የተሸጡ ነበሩ። ኦኔሲሞስ ስዊድን ድረስ ተምረው ነበር፤ እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር፤ የተማሩትን ተሸክመው ወለጋ ገቡ። በወላይትኛም አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ2002 ታትሟል። ኢሳይያስን የተሸከመ ቋንቋ የእናንተን የመመረቂያ ጽሑፍ መሸከም ያቅተዋል?

ደግሞም ይህ ሕዝብ ለቋንቋው ምን ያህል እንደሚሳሳ ማንም የማያውቅ መስሎ አይታየን። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የሚባል የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣበት፣ ሶዶ ላይ ተማሪና አስተማሪ ወላጅም አደባባይ ወጣ። ጥይት ተተኮሰ፤ ሰው ሞተ። መጽሐፉ ቀረ፤ ወላይታም ብዙ ሳይቆይ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ለአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ደሙን ለከፈለ ሕዝብ፣ ሊቆቹ በቋንቋው አንድ የሥነ መለኮት መጽሐፍ ለመጻፍ ቀለም ይቆጥቡ? አንባቢዬ መደርደሪያችሁን ቁጠሩ፤ በወላይትኛ የተጻፈ፣ ከሌላ ቋንቋ ያልተተረጎመ፣ ስለ እምነቱ ጠለቅ ብሎ የሚያስብ መጽሐፍ ስንት አላችሁ?

ሁለተኛው ሰበብ የእንጀራ ነው። «ዲምቱ ብወርድ ማን ይከፍለኛል?» እውነት ነው። ቤተ ክርስቲያን ለድምፅ ማጉያ የማትሰስተውን ገንዘብ ለመምህር ትሰስታለች። ለአዲስ አዳራሽ ጣሪያ ቆርቆሮ ሲዋጣ እልል ይባላል፤ ለአስተማሪ ደመወዝ ሲዋጣ ዝም ይባላል። የመምህሩ ልጆችም ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ የመምህሩ ሚስትም ትታመማለች። ይህን ሰበብ ከሊቁ ትከሻ ላይ አንሥቼ በሽማግሌዎቹ ትከሻ ላይ አስቀምጣለሁ። ነገር ግን እናንተ ሽማግሌዎች ሆይ፣ አባቶቻችሁ ያን ጊዜ፣ በድህነታቸው፣ በኣሪ ተራራ ላይ ላለ ወንጌላዊ ስንቅ ይልኩ ነበር። ዛሬ በገዛ አውራጃችሁ ላለ መምህር መላክ እንዴት አቃታችሁ?

ሦስተኛው ሰበብ የክብር ነው፤ በአፍ አይነገርም እንጂ ትልቁ እርሱ ነው። ሊቅ ያለው በዋና ከተማ ነው፤ ገጠር የወረደ ሊቅ የተጣለ ሊቅ ነው ብለን እናምናለን። ይህን እምነት ከየት አመጣነው? ከአገራችን አላመጣነውም። የአብነት ትምህርት ቤቱን ተመልከቱ። የድጓ ምስክር መሆን የፈለገ ተማሪ ጋይንት ወርዶ ቤተልሔም ይገባል። ዝማሬ መዋሥዕት ያማረው ዙር አምባን ይፈልጋል። ቅኔ የራበው ጎጃም ገብቶ ዋሸራ ይቀመጣል። ወንበሩ ያለው በገጠር ነው፤ ተማሪው ኮሮጆውንና አኩፋዳውን ይዞ፣ ከውሻ እየታገለ፣ በእግሩ ወደ ሊቁ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ማዕረግ የለም። እንግዲህ የሊቅነት ቁንጮ በአንድ ገጠር ደብር ሥር ሊሆን እንደሚችል ያስተማረ አገር ነው ያለን። እኛ ወንጌላውያን ከዚህ ወግ ምግባሩን ትተን ነቀፌታውን ብቻ ያዝን።

ባዶውን ወንበር ማን ተቀመጠበት?

ሊቁ የሌለበት ወንበር ባዶ አይቀርም። ይህ ነው እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ቀድሞ በወላይታ «ወንጌላዊ» የሚለው ማዕረግ በጅራፍና በወባ የሚገኝ ነበር። ሽምግልና በጉባኤ ምርጫ የሚገኝ ነበር። ዛሬ ማዕረጉ ሁሉ ዋጋው ወርዶ ገበያ ላይ ወጥቷል። ትናንት ጸሎት የጀመረ ወጣት ዛሬ ነቢይ ነው፤ ነገ ሐዋርያ ነው፤ ከነገ ወዲያ የክብር ዶክተር ነው። ዶክትሬቱን የሰጠው ተቋም ሕንፃው የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም። የታመመ ልጅ ያላት እናት መድኃኒቷን ጣይ ስትባል፣ ገበሬው በሬህን ሸጠህ ዘር ዝራ፣ መቶ እጥፍ ታጭዳለህ ሲባል፣ ማነው ተነሥቶ «ይህ የአባቶቻችሁ ትምህርት አይደለም» የሚላቸው? ሊናገር የሚችለው ሰው፣ ግሪክኛውን የሚያውቀው፣ ታሪኩን ያጠናው፣ በሥርዓት የተሾመው ሰው በሌላ ከተማ በሌላ ቋንቋ ስለዚሁ ችግር የጥናት ወረቀት እያቀረበ ነው። ወረቀቱ ጥሩ ነው። በሬው ግን ተሸጧል።

ክህነት ምንድን ነው? እጅ የተጫነበት ሰው እኮ ለመንጋ ነው የተሾመው። ፕሮፌሰርነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጮኽሁ፤ የሒሳብ ፕሮፌሰር ወደ ዲምቱ ካልወረደ ብዬ አልከስስም። ሰውየው ግን ሁለቱን ማዕረግ በአንድ ትከሻ ላይ ደርቧል። በስሙ ፊት «ቄስ» እና «ዶክተር» ብሎ ሲጽፍ፣ ዶክተርነቱ ቄስነቱን እንዲያገለግል ቃል ገብቷል። ቄስነቱ ለዶክተርነቱ ጌጥ ከሆነ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የጉባኤ መጥሪያ ካርድ ላይ የሚያምር ቃል ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይሁን?

ነቅፎ ዝም ማለት የሰነፍ ነው። ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ ሦስቱም በአቅማችን ያሉ ናቸው።

አንደኛ፣ በምእመናን መባ ወይም በቤተ ክርስቲያን ስም በተገኘ ነጻ የትምህርት ዕድል ዶክትሬቱን የያዘ ሰው ሁሉ፣ የጥናቱን ፍሬ በአማርኛ ወይም በእናቱ ቋንቋ፣ ገበሬ ልጁን አስነብቦ ሊሰማው በሚችል መጠን፣ አንድ መጽሐፍ አድርጎ ይጻፍ። እስኪጽፍ ድረስ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ አይቆጠርለት። አዲስ አበባ ላይ ያሉት የሥነ መለኮት ትምህርት ቤቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ከተመሠረተው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ጀምሮ እስከ ኋለኞቹ ድረስ፣ ይህን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ከወጣ ጽሑፍ እኩል ለዕድገት ይቁጠሩት።

ሁለተኛ፣ በየሦስት ዓመቱ አንድ የክረምት ወራት፣ ስድስት ሳምንት እንኳ ቢሆን፣ ፕሮፌሰሩ ወንበሩን ወደ ገጠር ያውርድ። ዲምቱ ይውረድ፣ ሌላው ጊዶሌ ይውረድ፣ ሌላው ቤጊ ይውረድ። የሚያስተምረው ወንጌላውያኑን ነው፤ የሚማረው ደግሞ ከእነርሱ ነው። በሕይወት የቀሩትን አረጋውያን ያነጋግር፤ ይቅዳ፤ ይጻፍ። በ1929 ዓ.ም. ሕፃን የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠና ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነው። ይህ ሥራ ቀጠሮ አይሰጥም።

ሦስተኛ፣ ሽማግሌዎች ሆይ፣ የመምህሩን ቀለብ ከድምፅ ማጉያው በፊት አስቡት። መምህሩ ሲመጣም የሰርግ እንግዳ አታድርጉት። በመጀመሪያው ረድፍ አስቀምጣችሁ፣ ጋቢ አልብሳችሁ፣ አስጨብጭባችሁ አትሸኙት። ጠይቁት። ሁለት ሚስት ስላለው ጎረቤታችሁ ጠይቁት፤ መድኃኒቷን ስለ ጣለችው እናት ጠይቁት፤ መሬት አንሶት ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ስለ ተነሣው ልጃችሁ ጠይቁት። የማይመልስ ከሆነ ሊቅነቱ ለምን እንደሚጠቅም እርሱም ያስብበት፣ እናንተም አስቡበት።

«አንተ ማነህና?» የሚለኝ ሊቅ እንደሚኖር አውቃለሁ። አንባቢ ነኝ። እስካሁን ሊቁ እኔን ሲመረምረኝ ኖሯል፤ ዛሬ ተራው የእኔ ሆኗል። ከተከሳሾቹ አንዱ እንኳ ተቆጥቶ በወላይትኛ መልስ ቢጽፍብኝ፣ ክሴን በደስታ አነሣለሁ። ያነበበልኝ ሰው አገኝ ዘንድ ዲምቱ ድረስ እሄዳለሁ።

ፎቶግራፉ ግን አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። ቆቡ ጥቁር ነው፤ ካባው ቀይ ነው፤ ፈገግታው ያምራል። እናቲቱ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች።